የክሩዝ ምግብ ለምን አንድ ወጥ አይሆንም?

ባለፈው ነሐሴ ከቤተሰብ ጋር ከፍሎሪዳ ተነሥተን ለሰባት ቀን በክሩዝ፣ ማለትም በመዝናኛ መርከብ፣ ካሪቢያንን ዞርን። እማዬ፣ እህቴ፣ ባሏ፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ እና እኔ። በሁለተኛው ቀን እራት ላይ እኔና እህቴ አንድ ዓይነት ስቴክ አዘዝን። ሁለታችንም በጣም እንዳይበስል ብለናል። የእኔ ለስላሳ ነበር፤ መሃሉ ሮዝ፣ ጭማቂው ያልደረቀ። የእህቴ ግን አመድ መስሎ፣ ቢላ እምቢ ብሎ መጣ። ሁለቱም ሳህኖች የመጡት በአንድ ትሪ ነው። በማግስቱ በዚያው አዳራሽ የበላነው ዓሣ ግሩም ነበር። በአራተኛው ቀን ያንኑ ዓሣ ቡፌው ላይ ደርቆ አገኘነው።

ምግቡ በሙሉ መጥፎ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ሰው ያውቀዋል፤ ሁለተኛ አይሄድም። እኔን የከነከነኝ ግን አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። ዛሬ ጥሩ የሠራ ማዕድ ቤት ነገ ለምን ያበላሻል? አንድ ዓይነት ምግብ አምስተኛው ፎቅ ላይ ጣፍጦ አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ ለምን ይበላሻል? ከተመለስኩ ጀምሮ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሳነብ ከረምኩ። አሁን የማምነው ይህን ነው፦ ሼፎቹ ሙያ አያንሳቸውም። ልዩነቱ ገና መርከቧ ከወደብ ሳትነሣ አብዛኛው ተወስኖ ያለቀ ነው።

መጀመሪያ የነገሩን ስፋት እንይ። የሮያል ካሪቢያን ኩባንያ አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከማያሚ ሥራ ስትጀምር የዓለም ትልቋ የመንገደኛ መርከብ ሆነች። ጢም ብላ ስትሞላ 7,600 ያህል መንገደኛ ትይዛለች። ሠራተኞቿ ደግሞ ወደ 2,350 ናቸው። ይህ ሁሉ ሰው ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስና እራት ይበላል። ሌሊት ፒዛ የሚፈልገውም አይቀርም። የዚያው ኩባንያ ሲምፎኒ ኦፍ ዘ ሲስ ለአንድ ሳምንት ጉዞ 60,000 ያህል እንቁላል ትጭናለች። በቀን የሚቀርብባት ምግብ ወደ 30,000 ሳህን ይጠጋል።

ከትኬቱ ጋር የተከፈለው ዋናው መመገቢያ አዳራሽ በብዙ መርከቦች እራት የሚያቀርበው በሁለት ዙር ነው። አንዱ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሌላው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። በትልልቆቹ መርከቦች በአንድ ዙር ከሺህ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ይቀመጣል። ያንን ሁሉ ስቴክ አንድ በአንድ፣ ትእዛዝ እየተቀበሉ መጥበስ አይቻልም። ስለዚህ ማዕድ ቤቱ ይገምታል። የቀደሙ ጉዞዎችን መዝገብ አይቶ ዛሬ ማታ ይህን ያህሉ ሥጋ፣ ይህን ያህሉ ዓሣ፣ ይህን ያህሉ ፓስታ ያዛል ይላል። ሥጋው ቀድሞ ላዩ እንዲጠበስ ይደረጋል፤ ኦቨን ውስጥ ይጨረሳል፤ ከዚያ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። አስተናጋጆቹ ይሰለፋሉ። ሳህኖቹን በክዳን ሸፍነው፣ ትሪ ላይ ደራርበው፣ በትከሻ ተሸክመው ይወጣሉ።

አሁን የእኔና የእህቴ ስቴክ ይገባችኋል። አንዱ ከኦቨን እንደወጣ ደረሰኝ። ሌላው ማሞቂያ ውስጥ ቆይቷል፤ በክዳኑ ሥርም መብሰሉን አላቆመም። አብሳዩ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምናልባት አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

ድግስ ደግሶ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ሳይነገረው ያውቀዋል። ለ500 ሰው ዶሮ ወጥ ይሠራል። ወጡ ቢቆይ አይከፋም፤ እንዲያውም ሲያድር ይጣፍጣል። ለ500 ሰው ጥብስ አቀርባለሁ የሚል ግን መጀመሪያ ደጋግሞ ያስባል። ጥብስ ከምጣድ ወርዶ ሩብ ሰዓት ከቆየ ሞራው ይረጋል፣ ሥጋው ይጠነክራል። አቅራቢዋ ባለሙያ ብትሆንም አታድነውም። መርከብም ላይ ሕጉ ይኸው ነው። ቀስ ብሎ የሚበስልና በመረቁ ውስጥ የሚቆይ ነገር ሁሉ ለብዙ ሰው ሲሠራ አይጎዳም። የተቀቀለ የጎድን ሥጋ፣ ሾርባ፣ ምስር፣ ካሪ፣ ላዛኛ። ወዲያው ተጠብሶ ወዲያው መበላት ያለበት ነገር ግን ይጎዳል። ስቴክ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ ድንች ጥብስ፣ እንቁላል።

ክሩዝ ደጋግመው የሄዱ ሰዎች ቡፌ ላይ መጀመሪያ የህንድ ምግብ ያለበትን ጥግ የሚፈልጉት ለዚህ ይመስለኛል። ምግቡ መጠበቅ የሚችል ዓይነት ነው። ከዚያም ብዙዎቹ መርከቦች ላይ ህንዳውያን አብሳዮች አሉ። ያንን ካሪ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ከወረቀት አንብበው አይሠሩትም። የቁርስ እንቁላልም እንዲሁ ነው። ትልቁ ትሪ ላይ የተከመረው ፍርፍር ብዙ ጊዜ ከታሸገ ፈሳሽ እንቁላል የሚሠራ ነው። ትንሽ ወረፋ ይዛችሁ ፊት ለፊታችሁ የሚሠራላችሁ ኦምሌት ግን ሌላ ምግብ ነው።

ከዚህ ላይ ባሕሩ ራሱ የሚያመጣው ችግር አለ። በአብዛኞቹ ዘመናዊ መርከቦች የጋዝ ምድጃ የለም። መርከብ ላይ እሳት ከተነሣ የሚሸሽበት ቦታ ስለሌለ ምግብ የሚበስለው በኤሌክትሪክና በእንፋሎት ነው። ቻይናዎች በነበልባል አገላብጠው የሚያወጡት ዓይነት ጥብስ እዚያ ያንኑ ጣዕም አይሰጥም።

የጤና ቁጥጥሩም ጠበቅ ያለ ነው፤ መሆንም አለበት። ከውጭ አገር ደርሰው የአሜሪካን ወደብ የሚነኩ መርከቦችን የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ማለትም ሲዲሲ፣ ሳይነግር ገብቶ ይመረምራል። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ። ነጥቡ ከ100 ነው፤ 85 እና ከዚያ በታች ያገኘ መርከብ ወደቀ ይባላል። ውጤቱም ለሕዝብ ይወጣል። ትኩስ ምግብ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በላይ መሆን የለበትም። ያለ ሙቀት መቆጣጠሪያ የቀረበ ምግብ ደግሞ አራት ሰዓት ሲሞላው ይጣላል። በአንድ መርከብ ላይ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው «ኖሮ» የተባለ ቫይረስ ቢገባ ምን ያህል ሰው እንደሚታመም ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ግን ዋጋ አለው። ለሦስት ሰዓት 57 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ የዶሮ ደረት ንጹሕ ነው፤ ጭማቂ ግን የለውም። አብሳዩም ነጥብ ከሚቀነስበት አብዝቶ ማብሰሉን ይመርጣል።

ስለ ትኩስነት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለሆነ። «ባሕር መሃል ሆነን ዓሣው ለምን የበረዶ ነው?» ይላሉ። የሰባት ቀን ጉዞ የሚሄድ መርከብ አብዛኛውን አስቤዛ የሚጭነው በመነሻው ወደብ፣ መንገደኛ በሚቀያየርበት ቀን ነው። ጠዋት ይደርሳል፣ ማታ ሳይመሽ ይነሣል። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሳምንቱ ቀለብ በሙሉ ይገባል። ትንሽ ደሴት ላይ ቆሞ ለ6,000 ሰው የሚበቃ፣ የጤና ወረቀቱ የተሟላ ዓሣ እገዛለሁ ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሰላጣና የስድስተኛው ቀን ሰላጣ አንድ አይሆኑም። ፍራፍሬው ላይ ይበልጥ ይታያል። እኛ ስንጀምር የነበረው ማንጎና እንጆሪ መጨረሻ ላይ ሐብሐብና አናናስ ብቻ ሆኖ ነበር።

ስለ ሠራተኞቹ ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ቅር ይለኛል። ማዕድ ቤት ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ከፊሊፒንስ፣ ከህንድ፣ ከኢንዶኔዥያና ከመሳሰሉት አገሮች የመጡ ናቸው። ኮንትራታቸው ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሙሉ የዕረፍት ቀን የላቸውም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በሳምንት እስከ 72 ሰዓት ማሠራት ይፈቅዳል። በአንድ ቀን ደግሞ ከ14 ሰዓት መብለጥ የለበትም ይላል። ሰባተኛ ወሩ ላይ ያለና ትናንት የተሳፈረ አብሳይ ጎን ለጎን ቆመው ይሠራሉ። በየሳምንቱ የተወሰነው ወርዶ አዲስ ይተካል። ጥሩ ቡድን ሲሰባሰብ ምግቡ ያምራል፤ ሲበተን ይወርዳል። ጓደኛችሁ በመጋቢት ሄዶ «ምግቡ ልዩ ነው» ያላችሁ መርከብ በሰኔ ሌላ ሆኖ ቢጠብቃችሁ ጓደኛችሁ አልዋሸም።

እዚህ ድረስ የተናገርኩት በባሕር፣ በብዛትና በድካም የሚመጣ ነው። የሚቀጥለው ግን የሰው ውሳኔ ነው። እኔ ዋናው ይህ ነው ባይ ነኝ።

የዓለም ትልቁ የክሩዝ ኩባንያ ካርኒቫል ኮርፖሬሽን ነው። በሥሩ ካርኒቫል፣ ፕሪንሰስ፣ ሆላንድ አሜሪካ፣ ኮስታና ሌሎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ለምግብ ያወጣው ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ቁጥሩ ሲሰሙት ያስደነግጣል። ነገር ግን በዚያ ዓመት መንገደኞቹ መርከብ ላይ ላሳለፉት ቀን፣ ማለትም ለ91 ሚሊዮን ቀን ያህል፣ አካፍሉት። ለአንድ ሰው በቀን ወደ 15 ዶላር ይመጣል። ቁርሱ፣ ምሳው፣ ባለ ሦስት ሳህን እራቱ፣ ኬኩ፣ አይስክሬሙ፣ ሁሉም በ15 ዶላር። በዚያው ዓመት ካርኒቫል በየመንገደኛው ሂሳብ ላይ በቀን የሚደምረው ቲፕ 16 ዶላር ነበር። ለሠራተኛው ጉርሻ የምንከፍለው ሳህናችን ላይ ከሚወጣው ወጪ ይበልጣል ማለት ነው።

በጅምላ ለሚገዛ ኩባንያ 15 ዶላር ትንሽ ገንዘብ አይደለም። በእሱ ጥሩ ምግብ መሥራት ይቻላል፤ ይሠራልም። ግን አማካይ ነው። አማካይ ማለት ደግሞ አንዱ ቀን ሲጨመርለት ሌላው ቀን ይቀነስበታል ማለት ነው። ሰው ዘንጦ ፎቶ በሚነሣበት ምሽት የሎብስተር ጭራ ይቀርባል። ያ ምሽት የሚከፈለው ከሌሎቹ ምሽቶች ነው። ሜኑውን የሚያወጣው የመርከቡ ሼፍ አይደለም። ሦስቱ ትልልቅ የአሜሪካ የክሩዝ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤታቸው ማያሚና አካባቢው ነው፤ የምግቡ ዝርዝር፣ መጠኑና የሳህኑ አቀራረብ ሳይቀር ከዚያ ይላካል። የመርከቡ ዋና ሼፍ ገደቡን እንዳያልፍ ይጠበቅበታል። ቲማቲሙ ዛሬ ጣዕም የለውም ብሎ ሜኑውን መቀየር አይችልም።

ከኮቪድ በኋላ ደግሞ ገመዱ ጠበቀ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 መርከቦቹ ቆሙ። ከአሜሪካ ወደቦች እንደገና መንገደኛ መጫን የተጀመረው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ኩባንያዎቹ በብድር ተረፉ፤ የካርኒቫል ዕዳ ብቻውን ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ የምግብ ዋጋ በዓለም ዙሪያ ናረ። ታዲያ ቆጠባው የት ይታይ? ሜኑ ላይ ታየ። ሮያል ካሪቢያን በ2023 የዋናውን አዳራሽ ሜኑ ለውጦ አሳጠረ፤ እራቱ ቶሎ እንዲያልቅ ነው ተባለ። ካርኒቫል በእራት ላይ ሦስተኛ ዋና ምግብ ለሚጨምር ሰው 5 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። ምግብ እንዳይባክን ነው የሚለውን ምክንያት አልንቀውም፤ በየቀኑ የሚጣለው ብዙ ነውና። ግን ገንዘቡ የለበትም የሚለኝ ካለ አልቀበለውም።

በሌላ በኩል በዚያው መርከብ ላይ የሚከፈልባቸው ምግብ ቤቶች በዝተዋል። ስቴክ ቤት፣ ሱሺ ቤት፣ የጣሊያን ቤት። ስቴክ ቤቱ በብዙ መርከቦች ለአንድ ሰው ከ50 ዶላር በላይ ይጠይቃል። እዚያ ወንበሩ ጥቂት ነው። ሥጋው በትእዛዝ ይጠበሳል፤ ከእሳት ወደ ጠረጴዛ ያለው መንገድ አጭር ነው። በአምስተኛው ቀን የእህቴ ባል ጋበዘንና ሄድን። ምግቡ እንከን አልነበረውም። ስወጣ ግን ተናድጄ ነበር። ማዕድ ቤቱ ማድረግ የሚችለውን አየሁ። ማክሰኞ ማታ እህቴ አመድ የመሰለ ሥጋ የበላችው የሚችል ሰው ስለጠፋ አይደለም።

እዚህ ላይ የኩባንያው ጥቅም ከመንገደኛው ጥቅም ጋር ይለያያል። ከትኬቱ ጋር የተከፈለው እራት በጣም ጥሩ ከሆነ 50 ዶላር ጨምሮ ሌላ ቤት የሚሄድ ሰው ይቀንሳል። በጣም መጥፎ ከሆነ ደግሞ ሰው አይመለስም። ስለዚህ መሃል ላይ ማቆየት ያዋጣል። ሆን ብለው ያበላሹታል አልልም። ለማሻሻል የሚገፋቸው ነገር ግን የለም።

ማስረጃ ካስፈለገ አንድ ኩባንያ እንይ። የኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን ባለቤት የሆነው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ኦሺኒያ የተባለውንም ገዛ። ኦሺኒያ ትንንሽ መርከቦች አሉት፤ ለምሳሌ ሬጋታ የምትይዘው 700 ሰው እንኳ አይሞላም። ዋጋው በጣም ይወደዳል። ስሙን ያተረፈው ደግሞ በምግቡ ነው። ታዋቂው ፈረንሳዊ ሼፍ ዣክ ፔፓን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለዓመታት የምግቡ ዋና ዳይሬክተር ነበር። ባለቤቱ አንድ ነው፤ ባሕሩ አንድ ነው፤ የጤና ሕጉ አንድ ነው፤ የእሳት ክልከላው አንድ ነው። የተለየው የመንገደኛው ቁጥርና ለሳህኑ የተመደበው ገንዘብ ነው።

«በርካሽ ትኬት ሄዳችሁ ምን ፈለጋችሁ?» የሚለኝ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለአምስትና ስድስት ሰው የሰባት ቀን ማደሪያ፣ ምግብና መጓጓዣ በዚያ ዋጋ መሬት ላይ አይገኝም። እኛም የሄድነው ለዚያ ነው። ነገር ግን ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ስቴክ የእኔ ሳህን ላይ የነበረው ነው፤ የእህቴ አይደለም። ሁለታችንም የከፈልነው እኩል ነው።

አሁን ስለ እማዬ ልንገራችሁ። ልጆቹ ትምህርት የሚዘጉት በዚያ ወቅት ስለሆነ ጉዟችን ፍልሰታ ላይ ዋለ። በአሜሪካ ያለን ብዙ ቤተሰቦች ይህ ይገጥመናል። እማዬ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትነካም። ዓሣም አትበላም። ስንነሣ በሶና ቆሎ በቦርሳዋ ይዛለች፤ «እዚያ ምን እበላለሁ?» ብላ ስትጨነቅ ነበር። በመጀመሪያው ማታ ለአስተናጋጆቹ አለቃ ነገርነው። ሰውየው ሳይሰለች አዳመጠን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው የነገውን ሜኑ ይዞላት ይመጣል። ይህን ያለ ቅቤ እናድርገው? ይህን በዘይት ይሠሩልሽ? እያለ ይጠይቃል። በማግስቱ ምግቧ ለብቻው ተሠርቶ ይቀርባል። የምስር ካሪ፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ አትክልት፣ ሽምብራ በቲማቲም። በሳምንቱ ውስጥ ከሁላችንም ይልቅ አንድ ወጥ የሆነ ምግብ የበላችው እሷ ናት። አንድም ማታ አልተበላሸባትም።

ምክንያቱ አሁን ግልጽ ነው። የእሷ ሳህን ከግምቱ ውጭ ነበር። ቀድሞ ተሠርቶ ማሞቂያ ውስጥ አልተቀመጠም። አንድ ሰው በስሟ የተጻፈ ወረቀት ይዞ ለእሷ ያበስል ነበር። የምትጾሙም ሆናችሁ የምግብ አለርጂ ያለባችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ለኩባንያው አስመዝግቡ፤ በመጀመሪያው ማታም አለቃውን በአካል አነጋግሩ። ለሌላው ሰው የምለው ደግሞ ሥጋው ደርቆ ከመጣ መልሱት ነው። እኛ አበሾች ይሉኝታ ይዞን ዝም ብለን እንበላለን። አስተናጋጁ አይቀየማችሁም፤ ሁለተኛው ሳህን አዲስ ስለሚወጣለት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይሻላል።

በመጨረሻው ማታ አስተናጋጃችን ወደ ጠረጴዛችን ቀረበ። ነገ በኢሜይል መጠይቅ ይደርሳችኋል አለን። ከ10 ነው የሚሞላው፤ 9 ለእኛ ጥሩ አይደለም አለ። ፊቱ ላይ ጭንቀት ነበር። ልጁ ስምንት ወር ባሕር ላይ ቆይቷል። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው ያገኘነው። ቤት ገብተን መጠይቁን ከፈትነው። ስለ ፈገግታው፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስሙን ስለማስታወሳችን ይጠይቃል። 10 ሰጠነው። ስለ ምግቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «የዋናውን አዳራሽ ምግብ እንዴት አገኛችሁት?» እማዬ 10 በይ አለችኝ። እህቴ 5 አለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መሙያው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው።